ፍቅርን፣ ጥርጣሬንና እምነትን የያዘ ክርስቲያናዊ የፍቅር ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ለመጻፍ ስትቀመጡ መጀመሪያ ስለ ፍቅሩ አታስቡ፤ ስለ ጥርጣሬው አስቡ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ እግዚአብሔርን የተጠራጠረችው ለምንድን ነው? «እምነቷ ቀዘቀዘ» ማለት አይበቃም። የተወሰነ ቀንና ያልተመለሰ ጸሎት ያስፈልጋል። ታናሽ ወንድሟ ታመመ እንበል። ሦስት ወር ጾመች፣ ጸለየች። ሞተ። ከዚያ ወዲህ «አሜን» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። ይህን በአንድ አንቀጽ ጻፉና ከፊታችሁ አስቀምጡት።

ቀጥሎ እሱን፣ የሚያፈቅራትን ልጅ፣ ፍጠሩት። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልጁን እንከን የሌለው፣ አፉን በከፈተ ቁጥር ጥቅስ የሚጠቅስ ሰው ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያፈቅራል? እሱም ቂም፣ ፍርሃት ወይም የደበቀው ነገር ይኑረው። ያዕቆብ ለራሔል ብሎ 7 ዓመት አገለገለ፤ ስለወደዳት ጥቂት ቀን መሰለው (ዘፍጥረት 29፥20)። ያው ያዕቆብ ግን ዓይኑ የፈዘዘ አባቱን ያታለለ ልጅ ነው። መጽሐፉ አንዱንም አልሸሸገም።

ከዚያ ምዕራፎቹን አቅዱ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ወይ የእሷ ልብ፣ ወይ የእሱ፣ ወይ ከእግዚአብሔር ጋር ያላቸው ነገር ከነበረበት ይነቃነቅ። ምንም የማይነቃነቅበት ምዕራፍ ካለ አውጡት።

አሁን ጥርጣሬውን በድርጊት አሳዩ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጸሎቱ አለቀ። ሁሉም አሜን አሉ። እሷ ብርጭቆዋን አንስታ ውኃ ጠጣች። ያያት እሱ ብቻ ነው። ምንም አላለም። ብርጭቆዋ ሲጎድል ሞላላት።»

«ተጠራጠረች» የሚል ቃል የለም። «ወደዳት» የሚልም የለም። አንባቢው ግን ሁለቱንም አይቷል።

ጥያቄዋን አውጥታ ስትናገር ደግሞ ቶሎ መልስ አትስጧት። ቶማስ ካላየሁ አላምንም ካለ በኋላ ኢየሱስ የመጣው ከ8 ቀን በኋላ ነው (ዮሐንስ 20፥26)። እነዚያ ቀናት ሁሌም ይገርሙኛል። ጌታ ሲመጣ ቶማስ እዚያው፣ ከሌሎቹ ጋር ነበር። አላባረሩትም፤ እሱም ጥሏቸው አልሄደም። ለገጸ ባሕርያችሁም እንዲህ ያሉ ቀናት ስጧት። እየተጠራጠረች አብራቸው ትቀመጥ። ልጁም ሊያስረዳት ሳይሞክር አብሯት ይቀመጥ። የታሪኩ ምርጥ ገጾች እዚህ ይገኛሉ።

ትልቁ ፈተና እምነቷ በልጁ ላይ የተንጠለጠለ እንዳይሆን ማድረግ ነው። እኔ በመጀመሪያ ረቂቄ ልጅቷን ያሳመንኳት በጋብቻ ጥያቄው ማግስት ነበር። ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ «ባይጠይቃት ኖሮስ ታምን ነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አርባ ገጽ ጥዬ እንደገና ጻፍኩ። ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ አሁኑኑ አቅርቡ። ቢለያዩ እምነቷ ይቆማል? ካልቆመ ያመነችው በእሱ ነው ማለት ነው። ብዙ ክርስቲያን አንባቢ ደግሞ ከማያምኑ ጋር አትጠመዱ የሚለውን 2ኛ ቆሮንቶስ 6፥14ን በልቡ ይዞ ነው የሚያነበው፤ ለሠርጉ ስትል አመነች ብትሉት ይነቃባችኋል።

ስለዚህ ልቧ የሚመለስበትን ሰዓት እሱ በሌለበት አድርጉት። ከልጁ ጋር ተጣልተው ከሆነ ከመታረቃቸው በፊት፣ ለብቻዋ፣ በወንድሟ ክፍል ውስጥ። ጸሎቷም ረጅም አይሁን። በወንጌል ልጁ የታመመበት አንድ አባት ለኢየሱስ ያለው «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብቻ ነው (ማርቆስ 9፥24)። ያለውም ልጁ ሳይድን ነው። የእሷ ወንድም አይመለስም፤ ቁስሉም አይጠፋም። እንዳለ ተዉት።

ናፍቆትን ለመጻፍ አትፈሩ። መኃልየ መኃልይ 8 ምዕራፍ ሙሉ ስለ ናፍቆት ይናገራል።

ሲያልቅ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ስብከት የሆነው ቦታ ጆሮ ላይ ይከብዳል፤ ቁረጡት። በመጨረሻ ለሁለት ሰው ስጡ፤ አንዱ አማኝ፣ ሌላው የማያምን ይሁን። የማያምነውን «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁት። የትኛው ገጽ ላይ ማንበብ እንደሰለቸው ጠይቁት፤ እርማቱን ከዚያ ገጽ ጀምሩ።