እሳት የሚቋቋም ካዝና ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገዢን ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳስተው «እሳት የማይበግረው» የሚለው መጠሪያ ነው። እሳት ጨርሶ የማይበግረው ካዝና የለም፤ ያለው በውስጡ የተቀመጠውን ነገር ለተወሰነ ጊዜ፣ ከተወሰነ ሙቀት በታች ጠብቆ የሚያቆይ ካዝና ነው። ስለዚህ «አንድ ሰዓት ይቋቋማል» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ መግዛት ስህተት ነው፤ «በውስጡ ስንት ዲግሪ እየሆነ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ ዩኤል 72 በተባለው የአሜሪካ መለኪያ የአንድ ሰዓት ደረጃ ያገኘ የወረቀት ካዝና፣ ሙቀቱ ወደ 927 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ተፈትኖ፣ ውስጡ ከ177 ዲግሪ አለማለፉ የተረጋገጠ ነው። የፈተነው ተቋም ምልክት፣ ደረጃውና ሰዓቱ ካዝናው ላይ በተለጠፈ ሰሌዳ ካልታዩ፣ የሻጩን ቃል እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት።

ሁለተኛው ስህተት፣ በእኔ ግምት ብዙ ሰው የሚወድቅበት፣ ወረቀትንና ፍላሽን አብሮ ማስቀመጥ ነው። በ177 ዲግሪ ውስጥ የቆየ ውል ቢጫ ቢልም ይነበባል፤ ሃርድ ዲስክ፣ ፍላሽና የፎቶ ፊልም ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይበላሻሉ። ለእነዚህ የተዘጋጀው ደረጃ የካዝናው ውስጥ ከ52 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ያስገድዳል። የወረቀት ካዝና ያለው ሰው ለመረጃ ዕቃዎች የተፈተነ አነስተኛ ሣጥን ገዝቶ በውስጡ ቢያስገባ ይሻላል። ሰነድ የሚከተትበት ተራ ፕላስቲክም አደጋ አለው፤ ከ177 ዲግሪ በታች ራሱ ቀልጦ፣ ሊጠብቀው የታሰበው ወረቀት ላይ ሊጣበቅ ይችላል።

እሳትን የሚቋቋም ሁሉ ሌባንም ይቋቋማል ብሎ ማሰብ ሌላው ስህተት ነው። የእሳት ካዝና ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስስ ላሜራ የተሠራ ሲሆን በመካከሉ ጂፕሰም ወይም ሲሚንቶ ነክ ነገር ተሞልቷል። ይህ መሙያ በውስጡ ውኃ የያዘ ስለሆነ ሲሞቅ ውኃው ወደ እንፋሎትነት እየተለወጠ ሙቀቱን ይሻማል፤ በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ያለው ማሸጊያም በሙቀት አብጦ ክፍተቱን ይደፍናል። ብልሃቱ ድንቅ ነው፤ ስስ ላሜራው ግን ፈልቃቂ ብረት ለያዘ ሰው ብዙም አያስቸግረውም። በተቃራኒው ለሌባ ብቻ የተሠራ ወፍራም የብረት ካዝና መሙያው ከሌለው በእሳት ውስጥ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ወርቁ ቢተርፍ እንኳ ኑዛዜው አመድ ይሆናል። ሁለቱም ስጋት ያለበት ሰው ሁለት የተለያዩ የፈተና ማረጋገጫዎችን ይጠይቅ። ካዝናውን ከወለል ጋር በብሎን ሲያስሩም ፋብሪካው ባዘጋጀው ቀዳዳ ብቻ ይጠቀሙ፤ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ለሙቀት በር መክፈት ነው።

ያ በመሙያው ውስጥ ያለው ውኃ በሰላሙ ጊዜም ችግር ያመጣል። ለወራት ተዘግቶ የቆየ ካዝና ሲከፈት የሻጋታ ሽታ የሚቀበልዎት፣ የሰዓትዎም ማሰሪያ ዝጎ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ማስቀመጥና በሩን በየጊዜው ከፍቶ ማናፈስ ይበቃል።

መጠኑን በውጭ ልኩ መገመትም ያስቆጫል፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከውጭ ሰፊ የሚመስለው ካዝና ውስጡ ጠባብ ነው። 210 በ297 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤ4 ወረቀት ሳይታጠፍ መግባቱን፣ ከተቻለ ማኅደሩን ራሱን ይዘው ሄደው ይሞክሩት። የመጠባበቂያ ቁልፉን እዚያው ክፍል መሳቢያ ውስጥ መተው ደግሞ ካዝና አለመግዛት ያህል ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ባለቤቱ በጭንቀት በሩን ቶሎ ይከፍታል፤ ይሁንና እሳቱ ቢጠፋም በግድግዳው የተጠራቀመው ሙቀት ወደ ውስጥ መዝለቁን ስለሚቀጥል፣ እስከዚያ ድረስ የተረፈው የጋለ ወረቀት አየር ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል። ካዝናው ከውጭ በእጅ ሲዳሰስ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላም ቢሆን መታገሥ ያስፈልጋል፤ ውስጡ የሚቀዘቅዘው ከውጩ ዘግይቶ ነውና።