«ልጅነቴን አስታወሰኝ» አይበቃም፦ ሬትሮ ጌም ላይ ሂስ መጻፍ ለምትፈልጉ

«ልጅነቴን አስታወሰኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከረቂቃችሁ ላይ ሰርዙት። ከዚያ የቀረውን አንብቡ። ምንም ካልቀረ የጻፋችሁት ሂስ ሳይሆን ትዝታ ነው። ትዝታ ክፉ ነገር አይደለም። ግን እኔ «ብሬን አውጥቼ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ብዬ ስጠይቅ፣ የእናንተ ልጅነት መልስ አይሰጠኝም።

ይህን የምለው የሬትሮ ጌሞች ወዳጅ ስለሆንኩ ነው። በትንሽ ቡድን፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ብቻ የሚሠሩ፣ የድሮ ኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ መጫወቻ ማሽን) መልክ ያላቸው ጌሞች ለአሮጌው ላፕቶፔ ሲሳይ ናቸው። ትልልቆቹን አይችላቸውም፤ ገና ሲከፈቱ ፋኑ ይጮሃል። ጓደኞቼ «እስቲ ይሄን ጌም እንዴት አየኸው?» ሲሉኝ ነው መጻፍ የጀመርኩት። አሁን ደግሞ «እኛስ እንዴት እንጻፍ?» የሚሉኝ በዙ። እኔ የምሠራበትን መንገድ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የድሮውን ማሽን እወቁ

አንድ ጌም «ባለ 8 ቢት ነኝ» ካለ፣ አባባሉን የምትመዝኑበት ነገር ያስፈልጋችኋል። ከባለ 8 ቢት ማሽኖቹ ታዋቂው፣ የኔንቴንዶ ፋሚኮም፣ ጃፓን ውስጥ የወጣው በ1983 ነው። ብዙዎቻችን ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን፣ ካሴቱን እፍ እያልን የተጫወትንበት የእሱን ቅጂ ነው። ምስሉ 256 በ240 ፒክስል ነበር። የሚንቀሳቀሰው ሥዕል፣ ስፕራይት የሚሉት፣ ሦስት ቀለም ብቻ ነበረው። በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ስፕራይት ማሳየት ስለማይችል፣ ጠላት ሲበዛ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ድምፁ አምስት ቻናል ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ድምፅ አይወጣውም። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሙሉው 40 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ ስልካችሁ የሚያነሳት አንዲት ፎቶ ብዙ እጥፍ ትበልጠዋለች።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ሾቭል ናይትን ክፈቱ። ያት ክለብ ጌምስ በ2014 ያወጣው፣ አካፋ ይዞ የሚዋጋ ባላባት ጌም ነው። ሲያዩት ከካሴት የወጣ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ እዩት እንጂ! ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ ፋሚኮም እንዲህ ዓይነት ስፋት አልነበረውም። ከኋላ ያለው ተራራና ደመና በተለያየ ፍጥነት፣ ድርብርብ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ጠላት ቢግተለተል ብልጭ ድርግም የለም። ማሽኑ ያልነበሩት ጥቂት ቀለሞችም ተጨምረዋል። ሙዚቃው ደግሞ የጌም ኩባንያው ኮናሚ ጃፓን ውስጥ በሸጣቸው አንዳንድ ካሴቶች ላይ የጨመረውን የድምፅ ቺፕ ይከተላል። አብዛኛውን የሠራው ጄክ ካውፍማን ነው፤ የመጀመሪያውን የሜጋ ማን ጌም ሙዚቃ የሠራችው ማናሚ ማትሱማኤም ሁለት ዜማ ሰጥታለች።

ታዲያ አታለሉን? አይደለም። ሠሪዎቹ የደገሙት ማሽኑን ሳይሆን እኛ የምናስታውሰውን ማሽን ነው። ሂስ የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው። ምኑን አስቀሩ? ምኑን ጣሉ? የጣሉት ነገር ለጌሙ ምን አደረገለት? ብልጭ ድርግሙ መጥፋቱ ውጊያውን ግልጽ አድርጎታል፤ ጥሩ ውሳኔ ነው። የስክሪኑ ሰፊ መሆንም የሚዘለለውን ርቀት አስቀድማችሁ እንድታዩ ይረዳል። «ግራፊክሱ የድሮ ነው፣ አሪፍ ነው» ብሎ ያለፈ ሰው ይህን ሁሉ ስቶታል።

ከመልኩ ይልቅ እኔን የገረመኝ ቼክፖይንቱ ነው። የሚያበራ ክብ መስታወት አለ። ስትነኩት፣ ስትሞቱ የምትመለሱት እዚያ ይሆናል። ከፈለጋችሁ ግን በአካፋ ትሰብሩታላችሁ፤ ወርቅ ይወጣል። ሰብራችሁ ከሞታችሁ ግን መመለሻችሁ ሩቅ ነው። ስትሞቱ ደግሞ ከገንዘባችሁ የተወሰነው በከረጢት ሆኖ የሞታችሁበት ቦታ ላይ ይንሳፈፋል፤ ተመልሳችሁ መልቀም ነው። ስለዚህ «ይህ ጌም ከባድ ነው ወይስ ቀላል?» ለሚለው መልሱ «ስስታም ከሆንክ ከባድ ነው» የሚል ይሆናል። በ1980ዎቹ የነበረውን ጭካኔ ማንም ሳያስገድዳችሁ በገዛ እጃችሁ ትገዙታላችሁ። እንዲህ ያለ አንድ ነገር ካገኛችሁ ግማሽ ገጽ ስጡት። ሌላውን በአንድ መስመር እለፉት።

የወደድኩትን ጌም ድክመትም እጽፋለሁ። ሾቭል ናይት ውስጥ ፌዝ ሎኬት የሚባል ዕቃ አለ፤ ለአፍታ ምንም እንዳይነካችሁ ያደርጋል። እሱን ይዛችሁ ብዙዎቹን ቦሶች (ሌቭሉ መጨረሻ ላይ የሚጠብቁ ትልልቅ ጠላቶች) ሳታጠኗቸው ትረማመዱባቸዋላችሁ። እያንዳንዱ ቦስ የራሱ አካሄድ እንዲኖረው ያን ያህል ተለፍቶ፣ ይህ ዕቃ ድካሙን ያረክሰዋል።

አውራ ጣታችሁ ይመስክር

«ኮንትሮሉ ለስላሳ ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር በየሂሱ አገኛታለሁ። ምን ማለት ናት? ማንም አያውቅም። በምትኩ እጃችሁ ምን እንዳደረገና ጌሙ ምን እንደመለሰ ጻፉ።

ሰለስትን ውሰዱ። በ2018 የወጣ፣ ማድሊን የምትባል ልጅ ተራራ የምትወጣበት ጌም ነው። መነሻው ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በ4 ቀን የሠሩት፣ በ128 በ128 ፒክስል የሚታይ ሚጢጢ ጌም ነበር። ሆን ብላችሁ ይህን ሞክሩ፦ ከገደሉ ጫፍ ሩጡና እግሯ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ዝለሉ። ትዘላለች! ለ0.1 ሴኮንድ ያህል መሬት ላይ እንዳለች ይቆጠርላታል። ደግሞ መሬት ከመንካቷ ቅንጣት ጊዜ ቀድማችሁ ብትጫኑ ጌሙ ያስታውስላችኋል፤ ስታርፍ ወዲያው ትዘላለች። «ጌሙ ከባድ ነው ግን አያናድድም» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እናንተ ሳታውቁት ይቅር ይላችኋል።

ፀጉሯንም እዩት። ቀይ ነው። ቁልፍ ተጭናችሁ አየር ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ በፍጥነት ልትወረውሯት ትችላላችሁ፤ አንዴ ከተወረወረች በኋላ ፀጉሯ ሰማያዊ ይሆናል፤ መሬት ስትነካ ወደ ቀይ ይመለሳል። መወርወሪያ ቀርቷት እንደሆነ ለማወቅ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለ ምልክት መፈለግ የለባችሁም። ዓይናችሁ ድሮም እሷ ላይ ነው። ጥቂት ፒክስል እንዲህ ሲሠራ ሳይ ደስ ይለኛል። «ቆንጆ» ከማለት ይልቅ ይህንን መጻፍ ይሻላል፤ አንባቢው ገብቶት ቆንጆነቱን ራሱ ይፈርዳል።

ይህን ፈተና በሌላውም ጌም ላይ ድገሙት። ከጫፍ ዘግይታችሁ ዝለሉ። ጠላት በነካችሁ ቅጽበት ምቱ። ቆማችሁ ሳላችሁ አቅጣጫ ቀይሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለሁለት አንቀጽ የሚሆን ወሬ ግን ይሰጣችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ርካሽ ኪቦርድ ሦስት አራት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑት አንዱን ይውጣል። ሰለስት ላይ ግድግዳ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ስትወረወሩ የምትጫኑት አራት ነው። «ጌሙ አልሰማኝም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የጓደኛ ኪቦርድ ወይም ጆይስቲክ ተውሳችሁ ሞክሩ።

ክብደቱ ለምን?

የድሮ ጌሞች ከባድ የሆኑት በምክንያት ነው። ሳንቲም የሚበሉት የአደባባይ ማሽኖች ቶሎ ካልገደሉህ ገቢ የላቸውም። የቤት ካሴቶቹ ደግሞ ማስታወሻቸው ትንሽ ነው፤ አጭሩን ጌም የሚያስረዝመው ደጋግሞ መሞት ነበር። ዛሬ ሁለቱም ምክንያት የለም። ስለዚህ አዲስ ጌም ሦስት ሕይወት ብቻ ሰጥቶ ከሌቭሉ መጀመሪያ ሲያስጀምራችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ድሮም እንዲህ ነበር» መልስ አይሆንም።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ከሞትኩ በኋላ ያልቻልኩት ቦታ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ያን ጊዜ ምን እያደረግኩ ነው? ሰለስት ላይ ትሞታለህ፣ ዓይንህን ሳታርገበግብ እዚያው ስክሪን ላይ ነህ። በ2010 የወጣው ሱፐር ሚት ቦይም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ጌም ግን የማውቀውን ኮሪደር ደግሞ ደጋግሞ ያስኬደኛል። የመጀመሪያው ዓይነት ከባድ ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት ግን ጊዜዬን ይበላል። ሰለስት ደግሞ የጌሙን ፍጥነት የሚቀንስ፣ ከፈለጋችሁ ጭራሽ እንዳትሞቱ የሚያደርግ አማራጭ አለው። እሱን ከፍታችሁ ከተጫወታችሁ ንገሩን። ነውር የለውም፤ ግን የተጫወታችሁት ሌላ ክብደት ያለው ጌም ነው።

ፒክስሉን ለማየት አንድ ዘዴ ብቻ ልንገራችሁ። ስክሪንሾት አንሡና አጉሉት። የገጸ ባሕሪው ዓይን አንድ ካሬ ነው እንበል። ጽሑፉ የተሠራበት ካሬ ከዚያ በጣም ካነሰ፣ ጎራዴው ሲሽከረከር ደግሞ ካሬዎቹ አብረው ከዘመሙ፣ መልኩ ታስቦበት ሳይሆን ርካሽ ስለሆነ ነው የተመረጠው ብዬ እጠረጥራለሁ። ደንቡን ለመስበር በቂ ምክንያት ያላቸው ጌሞች አሉ። ሰነፎቹ ይበዛሉ።

የእኛ አንባቢ የሚጠይቀው

የውጭ ገምጋሚዎች የማይጽፉት ነገር አለ፦ መብራት ቢሄድስ? ስታርዱ ቫሊን ኤሪክ ባሮን ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ለፍቶ በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። እኔም እወደዋለሁ። ጌሙ ሴቭ የሚያደርገው ግን ገጸ ባሕሪያችሁ ማታ ሲተኛ ብቻ ነው። አንዱ የጌም ቀን ወደ 14 ደቂቃ ይሄዳል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ካላችሁና ከሰዓት በኋላ ላይ መብራት ድርግም ካለ፣ ያጠጣችሁት ጎመንም ያጠመዳችሁት ዓሣም የለም። ይህ እኛ ጋ ከግራፊክሱ በላይ ዋጋ ያለው መረጃ ነው። ሴቭ የሚያደርገው መቼ ነው? ኢንተርኔት ሲጠፋ ይከፈታል? ስንት ሜጋባይት ነው? አኒማል ዌል የሚባለው ጌም፣ ቢሊ ባሶ በ2024 ያወጣው፣ ከ40 ሜጋባይት በታች ነው። ፓኬጅ ገዝቶ ዳውንሎድ ለሚያደርግ ሰው ይህችን ቁጥር የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ብትጽፉለት ይመርቃችኋል።

ላፕቶፑንም ግለጹ፤ ራሙን፣ ዕድሜውን። «የእኔ ላይ ሠርቷል» ብቻውን አይረዳም።

ገንዘቡም ቀላል ነገር አይደለም። ከአገር ቤት ሆኖ በዶላር መክፈል ስንቱን ደጅ እንደሚያስጠና ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ነው የሚያስገዛው። ያን ዘመዱን ለሁለተኛ ጊዜ ላያስቸግረው ይችላል። ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ የገዙትን በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውተው ከሆነ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ለብቻ ጻፏቸው። ጌሙ እስከዚያ ማንነቱን ያሳያል? ወይስ ጥሩው ነገር የሚመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው?

ጽሑፉ ላይ

እስከምን ድረስ እንደተጫወታችሁ ተናገሩ። መጨረስ ግዴታ አይደለም። ዩኤፍኦ 50 የሚባለው የ2024 ስብስብ ውስጥ 50 ጌም አለ፤ ሁሉንም ጨርሶ የሚጽፍ ሰው ሥራ የሌለው ነው። «ይህን ያህሉን ነካክቻለሁ፣ እነዚህን ጨርሻለሁ» ማለት ይበቃል።

«ብቻውን ነው የሠራው፣ እንዴት ትተቸዋለህ?» የሚል አስተያየት ይመጣባችኋል፤ ተዘጋጁ። ልፋቱን አክብሩ፣ ሰውየውን አትንኩ፣ ለጌሙ ግን አትራሩለት። ገዢው የሚከፍለው ሙሉ ዋጋ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ ጌም ሲሆን ደግሞ ይበልጥ እንለሳለሳለን። እነ ኩኩሉን የሠራው ቅኔ ጌምስ ዓይነት ቤቶች የሚያስፈልጋቸው ጭብጨባ ብቻ አይመስለኝም፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የት ጋ እንደሰለቸን የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ነጥብ አልሰጥም። 7 ከ10 ብጽፍ አንባቢው ቁጥሯን አይቶ ይሄዳል። ርዝመትንም በዋጋ አላካፍልም፤ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ግሩም ጌም አለ። በምትኩ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን በስም ሊጠራ የሚችል ያህል ቁርጥ አድርጌ እጽፋለሁ፦ «ከልጅህ ጋር እየተቀባበልክ ለመጫወት ይሆናል፤ ከሥራ ደክሞህ ገብተህ ለመዝናናት አይሆንም።»

ጌሙን በነፃ ከሠሪዎቹ አግኝታችሁ ከሆነ ከላይ፣ መጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት። የተጫወታችሁበትን ቨርዥንና ቀን ደግሞ ከታች። እነዚህ ጌሞች ይለዋወጣሉ። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ በ2021 መጨረሻ ላይ፣ ጌሙ ገና ተሠርቶ ሳያልቅ፣ ለሽያጭ ቀርቦ ሙሉው የወጣው በ2022 ነው፤ በመሀል የተጻፈ ሂስ ግማሹ ዛሬ አይሠራም። ሠሪዎቹ የተቻችሁትን ነገር ካስተካከሉ፣ የድሮውን አንቀጽ ሳታጠፉ ሥሩ አዲስ መስመር ጨምሩ።