የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በራስ ስም ለማሠራት፦ ስፔስፊኬሽን ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በራሱ ስም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አሠርቶ መሸጥ የፈለገ ሰው፣ ፍለጋው ብዙ ጊዜ ቻይና፣ ሻንዶንግ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ዌይሃይ ያደርሰዋል። ዘንጉን፣ መያዣውን፣ ቀለበቱን የሚሠሩ ፋብሪካዎች እዚያ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ፋብሪካው የሚሠራው እናንተ ስፔስፊኬሽኑ ላይ፣ ማለትም የዘንጉን ዝርዝር በያዘው ወረቀት ላይ፣ የጻፋችሁትን ነው። ያልጻፋችሁትን በራሱ ምርጫ ይሞላዋል፤ ምርጫው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ነው። ይህን ተንኮል አትበሉት። ዋጋ ሲሰጣችሁ ያሰበው በዚያ ሂሳብ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ስህተት የዘንጉን ጠባይ በቃል ብቻ መግለጽ ነው። «ሚዲየም ሄቪ፣ ፋስት» ተብሎ ይላካል፤ አለቀ። የመጀመሪያው ቃል ዘንጉን ለማጉበጥ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ ይናገራል። ሁለተኛው የት ላይ እንደሚጎብጥ። ፋስት ጫፉ አካባቢ ይጎብጣል፤ ስሎው እስከ መያዣው ድረስ ይወርዳል። ችግሩ ሁሉም አምራች የተስማማበት ልክ አለመኖሩ ነው። የአንዱ ሚዲየም ለሌላው ሚዲየም ሄቪ ነው። ዕቃው ከመጣ በኋላ «ይሄ እኮ ለስላሳ ነው» ብትሉ ፋብሪካው አይሰማችሁም፤ ወረቀቱ ላይ የሚያስጠይቀው ነገር የለማ።

ስለዚህ ለኩት። የምትወዱትን ዘንግ ከመያዣው በኩል አግድም አድርጋችሁ እሰሩት። ጫፉ የዘንጉን ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ ክብደት አንጠልጥሉበት። ያን ክብደት በግራም ጻፉት። አሜሪካዊው ዊልያም ሃነማን «ኮመን ሴንትስ» የተባለውን ዘዴ ያወጣው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ለክብደት የሚጠቀመው 2.5 ግራም የሚመዝነውን የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ነው። ዘንጉ ጎብጦ እንዳለ ከጎን ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። የሚወረውረውን የማጥመጃ ክብደትም ከስንት እስከ ስንት ግራም እንደሆነ ጻፉ። አውንስና ግራም ከተቀላቀለ ጣጣ ነው፤ 1 አውንስ 28.35 ግራም ነው።

ቀጥሎ «ካርበን ይሁን» ብሎ ማለፍ። ዘንጉ የሚሠራው ሙጫ ከጠጣ የካርበን ጨርቅ ነው። ጨርቁ በልክ ተቆርጦ ቀጭን ብረት ላይ ይጠቀለላል፣ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል፣ ከዚያ ብረቱ ይወጣል። 24 ቶን፣ 30 ቶን፣ 40 ቶን የሚባለው ቁጥር ግትርነቱን እንጂ አለመሰበሩን አይናገርም። ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ይቀላል፣ የዓሣውን ንክሻ ቶሎ ለእጅ ያደርሳል። ግን ጠርዝ ሲመታው ወይም ያለ አግባብ ሲጎብጥ የመሰበር ዕድሉም ይጨምራል። «ከፍተኛው ይሻላል» ብሎ ለሁሉም 40 ቶን ማዘዝ ትክክል አይደለም። ጫሞ ሐይቅ ላይ ትልቅ ነጭ ዓሣ ለሚጎትት፣ ጀልባ ወለል ላይ ለሚጣል ዘንግ፣ ግላስ ፋይበር የተቀላቀለበት ይሻላል። ለትናንሽ ቆሮሶ ግን ቀላል ካርበን ደስ ይላል። ሌላም ነገር አለ። ዘንጉ ላይ «40 ቶን» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ አንድ ንብርብር ብቻ ሊሆን ይችላል። የትኛው ጨርቅ የት ቦታ ላይ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚገባ አጽፉ።

ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ላይ «ፉጂ (የታወቀ የቀለበት አምራች ነው) ወይም ተመሳሳይ» ብላችሁ አትጻፉ። «ተመሳሳይ» የምትለዋ ቃል በር ትከፍታለች። የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን፣ የእያንዳንዱን ቀለበት መጠን፣ የውስጡ ቀለበት ከምን እንደተሠራ፣ ከጫፍ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር አስቀምጡ። ዘንጉ ለጨው ውኃ ከሆነ የቀለበቱ እግር ታይታኒየም ይሁን ወይስ ስቴንለስ፣ ቁርጡን ተናገሩ። ሪል ክሩ የሚጠቀለልበት ማሽን ነው። ስፒኒንግ የሚባለው ሪል ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል፤ ከሪሉ የሚቀርበው ቀለበት ሰፊ መሆን አለበት። የካስቲንግ ሪል ግን ከላይ ይቀመጣል። የሪሉን ዓይነት ሳይጠቅሱ የሚላኩ ወረቀቶች መኖራቸው ይገርማል።

መያዣውን በአጭሩ፦ ቡሽ ወይስ ኢቫ የሚባለው ሰው ሠራሽ ስፖንጅ፣ የሪል መቀመጫው ቁጥር ስንት፣ ከኋላ ጫፍ እስከ ሪሉ ስንት ሴንቲሜትር። የመጨረሻው ልክ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ክንድ ሥር የሚገባ ዘንግና በእጅ ብቻ የሚያዝ ዘንግ ግን የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

ማሸጊያውን ለፋብሪካው መተውም ያስከፍላል። ዘንግ ቀላል ነው፤ በአየር ሲላክ የምትከፍሉት ለያዘው ቦታ ነው። ብዙ የኩሪየር ድርጅቶች ርዝመት፣ ወርድና ከፍታን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ። 220 በ20 በ20 የሆነ ካርቶን፣ ውስጡ 6 ኪሎ ቢሆንም፣ እንደ 17.6 ኪሎ ይታሰባል። ረጅም በመሆኑ ተጨማሪ ክፍያም ሊመጣበት ይችላል። ባለ 7 ጫማ ዘንግ ወጥ ሲሆን 213 ሴንቲሜትር ነው። ዘንጉ በስንት ቁራጭ ተከፋፍሎ እንደሚገጣጠም፣ ሲታጠፍ ርዝመቱ ስንት እንደሚሆን፣ ጫፉ በምን እንደሚሸፈን፣ በካርቶን ስንት እንደሚገባ ይጻፍ።

ጽሑፍና ምልክት ላይ አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ካርበን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ዘንግ የያዘውን ሰው ሊገድል ይችላል። ማስጠንቀቂያው ዘንጉ ላይ ይታተም፤ ፋብሪካው እስኪያስታውሳችሁ አትጠብቁ። አሜሪካ ሆናችሁ ለምትሸጡ ደግሞ የተሠራበት አገር መጻፍ አለበት። አስመጪውም በዘንግ ላይ 10 በመቶ የፌደራል ኤክሳይስ ታክስ ይከፍላል፤ ለአንድ ዘንግ ከ10 ዶላር አይበልጥም። ይህን ሳያስሉ ዋጋ ያወጡ ሰዎች ትርፋቸው የት እንደገባ ይጠፋቸዋል።

«ጥራቱን የጠበቀ» የሚለው ሐረግም ከወረቀቱ ይውጣ። ጉድለት ማለት ምን እንደሆነ ዘርዝሩ፦ ከመስመር የወጣ ቀለበት፣ ኤፖክሲ በሚባለው ሙጫ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ፣ የሚወዛወዝ መጋጠሚያ። የርዝመትና የክብደት ልዩነት እስከ ስንት እንደሚፈቀድ በቁጥር አስቀምጡ። ለናሙና ፍተሻ አይኤስኦ 2859-1 የተባለውን ዓለም አቀፍ መስፈርት መጥቀስ የተለመደ ነው፤ ተቀባይነት ያለው የጉድለት ልክ (AQL) ለከባድ ጉድለት 2.5፣ ለቀላል 4.0 በመቶ ይሁን ብለው ብዙዎች ይስማማሉ። የጸደቀው ናሙና ሁለት ይሁን፤ ሁለቱም ይፈረምባቸው፤ አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ ፋብሪካው ጋ ይቀመጥ።

በመጨረሻ፣ ዊቻት በሚባለው የቻይና የመልእክት መተግበሪያ የተስማማችሁበትን ለውጥ እዚያው አትተዉት። የቀለም ለውጥም ቢሆን ወረቀቱ ላይ ግቡና አስተካክሉ፣ አዲስ የእትም ቁጥርና ቀን ስጡት፣ የግዢ ትእዛዙም ያንኑ ቁጥር ይጥቀስ። ቅድሚያ ክፍያውን ከዚያ በኋላ ላኩ።