ጎንደር ላይ የአሚኑ ቁጥር አልገጥም ሲል

በክብደት 30 በመቶ ሞኖኤታኖላሚን (አሚን ከሚባሉት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሚይዙ ኬሚካሎች አንዱ) ያለበት ውሃ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ስንለካ፣ ውጤታችን ከታተሙት ሰንጠረዦች በሲሶ ያህል እየበለጠ አስቸገረን። አሚኑን ቀየርን፤ የሚያፈስ ቱቦ ፈለግን። ወይ ፍንክች!

ጣጣው ያለው ስሌቱ ውስጥ ነበር። የጋዙን ይዘት (ቮልዩም) ወደ ሞል፣ ማለትም ወደ ሞለኪውሎቹ ብዛት መለኪያ፣ የሚቀይረው የኤክሴል ቀመር 101.3 ኪሎፓስካል ይላል፤ የባሕር ጠለል ግፊት ማለት ነው። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቷ 78 አካባቢ ነው። ግፊቱ ሲጋነን ሞሉም አብሮ ተጋነነ። የስልኩ የአየር ሁኔታ አፕም አያድንም፤ ወደ ባሕር ጠለል አስተካክሎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ከባሮሜትር ያነበብነውን አስገባን። ጋዙን የምንለካው በውሃ ላይ ስለሆነ የውሃ ተኑንም ግፊት ቀነስን። ቁጥሩ ገጠመ።

ከሰንጠረዦቹ ጋር ስታወዳድሩ የጋዙን ከፊል ግፊት (ከጠቅላላው ግፊት የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ድርሻ ብቻ) እዩ። የሰንጠረዡን የ100 ኪሎፓስካል ረድፍ እዚህ በክፍት ዕቃ አታገኙትም።