የኋላ ዲስክ ፍሬን የተገጠመላት ስፒድስተር ቅጂ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ በቮልስ ሻንሲ ላይ የፋይበርግላስ ቦዲ ለብሰው ለሚሠሩ የፖርሽ 356 ስፒድስተር ቅጂዎች ነው። ከሥር ያለችው አዲስ አበባ ላይ የምናውቃት ቮልስ ናት። ስለዚህ ቮልሱን ራሱን ከድራም ፍሬን ወደ ዲስክ ፍሬን ለመቀየር ያሰበም ይጠቅመዋል። ክሪክ እንዴት እንደሚገባ፣ ከፍሬን አየር እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ ብዬ እጀምራለሁ።

ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል

መጀመሪያ የካሊፐሩን (ዲስኩን በሸራ ቆንጥጦ የሚይዘውን ክፍል) የአየር ማስወጫ እዩ። ወደ ላይ መሆን አለበት። የግራው ካሊፐር ቀኝ ከተገጠመ ማስወጫው ወደ ታች ይዞራል፤ አየሩ ላይ ታፍኖ ይቀራል። የፈለገ ዘይት ብታሳልፉበት አይወጣም። ካሊፐሮቹን አቀያይሩ፣ አለቀ። እነሱ ልክ ከሆኑ ማስተር ሲሊንደሩን፣ ማለትም ከፔዳሉ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ፓምፕ፣ ጠርጥሩ። የብዙ ቮልስ የውስጡ ስፋት 19 ሚሊሜትር ነው፤ የዲስክ ፒስተን ደግሞ ብዙ ዘይት ይፈልጋል። ባለ 20.6 ሚሊሜትሩን ግጠሙ። ፔዳሉ ትንሽ ይጠነክራል፣ ግን ከፍ ብሎ ይይዛል።

ስትነሳ አንዴ፣ ጋዝ ስትለቁ ደግሞ አንዴ "ቋ" ትላለች

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። በተደጋጋሚ የሚመጣብኝ፣ ሰውን ያለ ጥፋቱ ገንዘብ የሚያስወጣው ብልሽት ይሄ ነው።

አንድ ደንበኛ መኪናውን ሲያመጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ፣ ተከፍቶ፣ ተመልሶ ተገጥሞ ነበር። ሌላ ጋራዥ "የማርሽ ጥርስ ነው" ብሎታል። ከፍሎ ወጣ፣ ድምፁም አብሮት ወጣ። እኔ የጎማውን መሃል ክዳን ሳነሳ በመሃሉ ትልቅ ዳዶ ዙሪያ ቀይ ቡናማ ብናኝ ተቀምጧል። ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚያወጣው የዝገት ዱቄት ነው። ሌላ ምርመራ አላስፈለገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቮልስ ኋላ ጎማው የሚታሰርበት ሀብ በአክስሉ ጥርሶች ላይ ይንሸራተትና ይገባል፤ ከዚያ አንድ ባለ 36 ሚሊሜትር ዳዶ ያስረዋል። ጎማውን መኪናዋ ላይ የያዘው እሱ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም። ዳዶው በደንብ ሲጠብቅ ሀቡን ከስፔሰሩና (ከመሃል ከሚገባው የብረት ቀለበት) ከኩሽኔታው ጋር ጨምቆ እንደ አንድ ብረት ያደርጋቸዋል። ሲላላ ግን ጭነቱ ሁሉ ጥርሶቹ ላይ ይወድቃል። በተነሳችሁ ቁጥር ወደ አንድ ወገን፣ ጋዝ በለቀቃችሁ ቁጥር ወደ ሌላው ይመታሉ። ጥርሱ ይሳሳል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ሀቡ ይላጣል። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። ይሄ ቀላሉ መጨረሻ ነው። ከባዱ ጎማው ከነዲስኩ መውጣቱ ነው።

ለማረጋገጥ ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። አንድ ሰው መኪናዋን በእጁ ወደፊትና ወደኋላ ይወዝውዛት። እናንተ ዳዶውን ብቻ እዩ። ሀቡ ሲንቀሳቀስ ዳዶው ለቅጽበት ዘግይቶ ከተከተለ ጥርሱ ተበልቷል።

ለምን ይላላል? የመጀመሪያው ምክንያት በቂ አለማጥበቅ ነው። ልኩ 217 ፓውንድ ጫማ ነው፣ በኒውተን ሜትር 294 ገደማ። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር አያምንም፤ "በጣም አጥብቄዋለሁ" ይላል። መለኪያ ቁልፍ የሌለው እንዲህ ይረዳው፦ አንድ ሜትር የሚረዝም ቧንቧ ቡሶላው እጀታ ላይ አስገብቶ ጫፉን በ30 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ይህን መኪናዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላ አታድርጉት! ጎማው መሬት ይዞ ይሁን። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምራችሁ አጥብቁ እንጂ ፈጽሞ ወደኋላ አትመልሱ። በአየር መፍቻ ደብድቦ "ጠብቋል" ማለትም አይሠራም፤ ስንት እንደጠበቀ አታውቁም።

ሁለተኛው ምክንያት ቀለም ነው። ርካሽ ሀቦች እንዲያምሩ ተብሎ ሙሉ ለሙሉ ተቀብተው ይመጣሉ፤ ዳዶው የሚቀመጥበትና ስፔሰሩ የሚነካው ፊት ሳይቀር። ያጠበቃችሁት ቀለሙን ነው። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ቀለሙ ይደቃል፣ ጭምቀቱ ይጠፋል። ሁለቱንም ፊት እስከ ብረቱ ፍቁት።

ሦስተኛው አታላይ ነው። የአንዳንድ የዲስክ መቀየሪያ ዕቃ ሀብ ከዋናው ድራም መሃል ይልቅ ቀጭን ስለሆነ፣ ዳዶው ሀቡን ሳይጨምቅ የአክስሉ ክር ያልቃል። መለኪያው ልኩን ያሳያል፣ ሀቡ ግን እንደላላ ነው። ምልክቱ የኮፒሊያው ቀዳዳ ከዳዶው አልፎ ወደ ውጭ መታየቱ ነው። መፍትሄው ለዚያ ሀብ የተሠራው ወፍራም ሮንዴላ ነው። ከሳጥን ውስጥ የተገኘ ስስ ሮንዴላ መደራረብ መፍትሄ አይደለም፤ እሱም ይደቃል።

ጥገናው ግልጽ ነው። የተበላ ሀብ ይጣላል። የቆርቆሮ ቁራጭ ጥርሱ መሃል የወተፈ አይቻለሁ። ሀቡን ከአክስሉ ጋር በብየዳ ያጣበቀም አይቻለሁ፤ ያኛው ኩሽኔታ መቀየር ሲያስፈልግ ሁሉም ተቆርጦ ተጣለ። ማጣበቂያም አያድንም። የአክስሉን ጥርስ በጥፍራችሁ ዳብሱ፤ ጎኑ ላይ ደረጃ ካለ አክስሉም ይቀየራል። በተበላ አክስል ላይ አዲስ ሀብ መግጠም አዲሱን ማስበላት ነው።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ያለ ግራሶ በእጅ አስገቡትና አወዛውዙት። ገና ሳይታሰር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለሻጩ መልሱት። የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበትን ዕቃ እንዲህ አላልቶ የሚሠራ ያናድደኛል። ከተገጠመ በኋላ ዳዶውና ሀቡ ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ። የመጀመሪያው 100 ኪሎሜትር ሳይሞላ እንደገና አጥብቁ። ይህን ሁለተኛ ማጥበቅ የሚዘልሉት ናቸው ተመልሰው የሚመጡት።

ዲስኩ በዘይት ርሷል

ፍሬን ዘይት እንዳይመስላችሁ፣ አሽትቱት። አሮጌው ዓይነት የቮልስ አክስል የካምቢዮ ዘይት እስከ ኩሽኔታው ይደርሳል። ፓራሊዮውን (የዘይት ማገጃውን) ብቻ አትቀይሩ፤ ሁለቱም የላስቲክ ቀለበቶች፣ ጓርኒሲዮኑና (በክዳኑ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ዘይት መላሹ ቆርቆሮ አብረው ይታዩ። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ደግሞ ታጥቦ አይመለስም።

ከትንሽ ጉዞ በኋላ የኋላው ይግላል፣ ይይዛል

ለድራም ተብሎ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ መስመሩ ላይ ቀርቷል። ወደ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያስቀራል፤ ለዲስክ ይሄ ሁልጊዜ ፍሬን እንደመርገጥ ነው። አውጡት። ማስተር ሲሊንደሩ ከካሊፐሩ ዝቅ ካለ ባለ 2 ፒኤስአይ ይበቃል።

የእጅ ፍሬኑ አይይዝም

ሰው ሁሉ ገመዱን ይወጥራል። ተወጥሮ የቆመ ገመድ የካሊፐሩን እጅ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ያግደዋል፤ ራሱን የሚያስተካክለው ክፍል መሥራት ያቆማል። ገመዱን አላሉ፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ከዚያ ገመዱን አስተካክሉ።

ጎማው ፋይበርግላሱን ይነካል

ሀቡ ጎማውን ወደ ውጭ ገፍቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ምን ያህል እንደሚገፋ ጠይቁ። የቸርኬ ቡሎኖቹንም ቁጠሩ፦ የድሮው ቮልስ 5 በ205 ነው፣ የኋለኛው 4 በ130፤ የመጀመሪያው የቡሎኖቹ ብዛት፣ ሁለተኛው የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊሜትር ነው።

ስትረግጡ ኋላው ቀድሞ ይቆልፋል

ፊቱ ድራም ሆኖ ኋላውን ዲስክ ያደረገ ሰው ያመጣው ነው። ኋላ ቀድሞ ከቆለፈ መኪናዋ ትዞራለች፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ፖርሽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው 356 ሲ ላይ ዲስክ ሲያስገባ አራቱንም ጎማ ነው ያደረገው። ገንዘቡ ለአንድ ወገን ብቻ ከበቃ ፊቱን ቀይሩ። ፊቱ ዲስክ ሆኖም ኋላው ከቀደመ፣ በኋላው መስመር ላይ በእጅ የሚስተካከል የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ግጠሙ። ሰው በሌለበት ሰፊ ቦታ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት እየሞከራችሁ ፊቱ ቀድሞ እስኪቆልፍ ድረስ ቀንሱ። እስከዚያ ድረስ መኪናዋ መንገድ ላይ አትውጣ።