ባሕር ላይ ላለ ወንድም ከደብረ ብርሃን ሆኖ አለሁልህ ማለት

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ኖርዌይ ነው። እዚህ ክረምት ሲገባ እዚያ በጋ ነው። ያኔ ካያኩን፣ ማለትም ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባውን፣ ይዞ በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ብቻውን ይቀዝፋል። እኔ ደብረ ብርሃን ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን ሦስት ክረምት ሙሉ ከየብስ የምከታተለው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከሩቅ ለሚጠብቅ ሰው ነው።

ከመነሳቱ በፊት ስለ ዝምታ ተነጋገሩ። «ድምፅህ ከጠፋ ስንት ሰዓት ጠብቄ ለነፍስ አድን ልደውል?» በሉት። መልሱን እሱ ይናገር፣ አንቺ ጻፊው። እኛ ሰው ማስቸገር ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሰዓቱ ሲደርስ «ትንሽ ልጠብቅ» ማለት ይመጣል። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለዚያች ደቂቃ ነው። የኛ ስምምነት እንዲህ ነው። በሳተላይት መላኪያው ማታ ማታ ያለበትን ይልካል። ካልላከ እኔ እጽፍለታለሁ። እስከ ጠዋት ዝም ካለ እደውላለሁ። እስከ ጠዋት የምታገሠው መሣሪያው ባትሪ ሊጨርስ፣ ገደልም ሰማዩን ሊጋርደው ስለሚችል ነው። ከደሴት ደሴት በሚሻገርበት ቀን ግን እስከ ጠዋት የለም፤ ይደርሳል ከተባለበት ጊዜ በኋላ 2 ሰዓት ካለፈ እደውላለሁ። ውሃው በበጋም ብርድ ነው፣ ጣት ቶሎ ይደነዝዛል።

ሰዓት ያምታታል። እሱ 20:00 ሲል እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ደብተሬ ላይ የሱንም የኔንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ቀኑን ግን በፈረንጅ ብቻ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ የቦታ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ክረምት ዲግሪና ደቂቃውን እንደ ነጥብ ቁጥር ካርታ ላይ አስገብቼ ወንድሜን መሀል ባሕር አገኘሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ። በቤታችሁ ሞክሩት። ደብረ ብርሃን ኬክሮሷ 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ 9.41 አይደለም። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ፣ 41 ለ60 ሲካፈል 0.683 ይሆናል፣ ስለዚህ 9.683 ነው። 9.41 ብላችሁ ብትጽፉ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ትሄዳላችሁ። ሄሊኮፕተር በዚህ ስህተት ቢላክ አስቡት። በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሚልክ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ስትደውሉም አጻጻፉን ተናገሩ።

የኖርዌይ አጭር የአደጋ ጊዜ ቁጥር ከዚህ አይሠራም። የነፍስ አድን ማዕከሉን ሙሉ ቁጥር ከአገሩ ኮድ ከ47 ጋር ያዙ። ስልኩ ላይ ውጭ አገር የሚያስደውል ሂሳብ ይኑር። እንግሊዝኛችሁ ከደነገጣችሁ የሚጠፋ ከሆነ የምትሉትን ጽፋችሁ አንብቡት፤ እኔ እንዲህ ነው ያዘጋጀሁት። ከማይታወቅ የውጭ ቁጥር ሌሊት ከተደወለም አንሱ። የአደጋ ምልክት መስጫውን ሲያስመዘግብ የሰጠው የቤተሰብ ስልክ የናንተ ነው።

እዚህ መብራትና ኔትወርክ ተያይዘው የሚጠፉበት ማታ አለ። ስለዚህ ኦስሎ ያለችው የአክስታችን ልጅ ሁለተኛ ጠባቂ ናት። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት «አለሁ» ካላልኳት ሥራውን እሷ ትረከባለች።

አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ የካያኩ ቀለምና ርዝመት፣ የልብሱና የድንኳኑ ቀለም፣ የስንት ቀን ስንቅ እንደያዘ፣ መድኃኒት፣ ማዕበል ቢመጣ ሊወጣባቸው ያሰባቸው ቦታዎች። ፎቶውንም ጨምሩ።

የአየር ትንበያ ሲጠይቀኝ ቁጥሩን ብቻ እልካለሁ፦ ነፋሱ ከየት፣ ስንት ሜትር በሰከንድ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ። «ሂድ» ወይም «ቅር» አልልም። ማዕበሉን የሚያየው እሱ ነው።

እማዬ አንኮበር ናት። ስትደውል «ከውሃው ወጣ?» ብቻ ነው የምትለኝ። «ወጥቷል» የምላት መልእክቱን በዓይኔ ካየሁ ነው። ካላየሁ «ገና ነው እማዬ» እላታለሁ። አንዴ ዋሽቼ ባጽናናት ከዚያ በኋላ አታምነኝም።

በመጨረሻው ቀን አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድሩ ማኮሌይ ከአውስትራሊያ ተነሥቶ ብቻውን ወደ ኒውዚላንድ ሲቀዝፍ፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጠፋ። ካያኩ ተገኘ፣ እሱ ግን አልተገኘም። ወንድሜ «እትዬ፣ ነገ እኮ አጭር መንገድ ናት» ሲለኝ፣ ሰዓቱን እንደ ሌላው ቀን አስጽፈዋለሁ። ካያኩ መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ፎቶው እስኪደርሰኝ ድረስም ደብተሩን አልዘጋም።