ጣሪያው አያፈስም

«ጋሼ፣ ጣሪያው ያፈሳል።»

በዚህ ቃል ግቢዬ የገባውን ሚኒባስ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አሮጌ ዶልፊን ገዝቶ፣ ወንበሩን ነቅሎ፣ አልጋና ቁምሳጥን አስገብቶ አገር መዞር የሚወድ ሰው በዝቷል። ደስ ይለኛል። ውስጡን በርካሽ ማደስም ነውር የለውም። የራሴን የሠራሁት ከፈረሰ ቤት በወጣ ጣውላ ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። መሳቢያው ኩርባ ላይ እየተከፈተ ካስቸገረ ማግኔት አይበቃውም፤ መቀርቀሪያ ግጠሙለት። ቁምሳጥኑ ሲሄድ የሚጮኸው እንጨቱ ከላሜራው ጋር ስለሚፋተግ ነው። መሀሉ ላይ የከመነዳሪ ቁራጭ አስገቡ። መብራቱ ከደበዘዘ ሽቦው ቀጥኗል ወይ ማሰሪያው ላልቷል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ አምፖሉ ጋ አይደለም።

አሁን ወደ ውሃው።

ምልክቱ ሁሌ አንድ ነው። ጠዋት ስትነሱ ጣሪያው አልቦታል። ፍራሹ ከሥሩ ርሷል። ቁምሳጥኑ ሲከፈት የከረመ ካልሲ ይሸታል። የችፑዱ ጠርዝ አብጦ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

አንድ ልጅ በታህሳስ ከባሌ ተመልሶ መጣ። ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሁለት ሌሊት ከጓደኛው ጋር አድሯል። ጣሪያው ላይ ሦስት ቱቦ ሲሊኮን ጨርሷል፤ ቅባት የተቀባ እንጀራ መስሏል።

«ስንት ቀን ዘነበባችሁ?» አልኩት።

«ኧረ አልዘነበም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚያፈሰው?»

ዝም አለ። የጎኑን ችፑድ ፈታሁት። ከኋላው የወንበር ስፖንጅ ጠቅጥቆበታል። አውጥተን ስንጨምቀው ግማሽ ባልዲ ሞላ። ላሜራውን በካቻቪቴ ነካ ሳደርገው ካቻቪቴው በውጭ በኩል ብቅ አለ።

ውሃው የራሳቸው ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲያድር ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ ይተነፍሳል። አንድ ኪሎ ቡታጋዝ ሲነድ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ሻይ፣ ፓስታ፣ እርጥብ ጃኬት ጨምሩበት። ውጭው በረዶ ሲሆን ላሜራው እንደ ድስት ክዳን ነው፤ የነካው እንፋሎት ሁሉ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ስፖንጁ ይጠጣዋል፣ ችፑዱ ያብጣል፣ ላሜራው በጨለማ ይዝጋል።

ሲሊኮን ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት። ሽፋኑን በትንሹ ገልጣችሁ ላሜራውን አድርቁት። ፌስታል ቆርጣችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉና ተኙ። ጠዋት ውሃው በእናንተ በኩል፣ ፌስታሉ ላይ ከተገኘ ትንፋሽ ነው። ከዘነበ በኋላ ከፌስታሉ ሥር ከተገኘ ግን እውነትም ያፈሳል። ያኔ መጀመሪያ የፖርቶመጋላውን፣ ማለትም የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ፣ ብሎኖች ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ የመስኮቱን ጎሚኒ። ብሎኑን ፈትታችሁ አሮጌውን ሲሊኮን ልጣችሁ አንሱ። በደረቀ ሲሊኮን ላይ አዲስ ሲሊኮን አይዝም። አይዝም አልኩ!

ወደ ጥገናው። ስፖንጁን ጣሉት። አታጥቡት፣ አታስጡት፣ ለዘመድ አትስጡት። ላሜራው ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ምንጣፍ ካለም ይነሳ። በሩን ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ። የተበላ ካለ በያጅ ይጠገን፤ እስቱኮ ብቻ ለጥፎ የሚሸኛችሁን ባለሙያ ሽሹ። ሁለት እጅ አንቲረስት፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ቀቡ። በር ዘግታችሁ እንዳትቀቡ፣ ሽታው ይጥላል። ማስቲሹም እንደዚያው።

በስፖንጁ ፋንታ የምታስገቡት ፎም ላይ አትሰስቱ። የስፖርት ምንጣፍ የሚሠራበት ዓይነት፣ ውሃ የማይጠጣው ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሱቁ ውስጥ አፋችሁ ላይ ገጥማችሁ ንፉበት። ትንፋሻችሁ ካለፈ ስፖንጅ ነው፣ መልሱለት፤ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ቢልም። ላሜራው ላይ ክፍተት ሳይተው ለጥፉት፣ መጋጠሚያውን በአልሙኒየም ፕላስተር ዝጉ። መሽሎኪያ ካገኘ እንፋሎቱ ከኋላ ይገባል። ከላይ ኮምፔርሳቶ ይበቃል። ያገለገለም ይሁን፣ ብቻ ችፑድ አይሁን። ቪሱ ከመግባቱ በፊት የሽቦው መስመር የት እንደሆነ እዩ። አንዱ የጭራ መብራቱን ሽቦ በስቶ ሳምንት ሙሉ አምፖል ሲቀይር ከርሟል።

አልጋው ድፍን ጣውላ አይሁን። ርብራብ አድርጉትና ፍራሹ ከሥር ይተንፍስ። ሌሊት ሁለት መስኮት፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ይደር። ይበርዳል፣ አዎ። ብርድ ልብስ ጨምሩ። ምግብ ውጭ አብስሉ።

ሙቀት ፈልጋችሁ ግን ከሰል ይዛችሁ እንዳትገቡ። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ይገድላል፤ የተኛ ሰው አይነቃም። ቡታጋዝ አብርቶ መተኛትም ያው ነው።

ልጁ በጥር ተመልሶ መጣ። ልቤ ድንግጥ አለ። ሰላምታውን ሳልጨርስ ገብቼ ፍራሹን ገልብጬ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።

«እሱ ሰላም ነው ጋሼ» አለኝ። የመጣው ለመሳቢያው ነበር። ማግኔት ነው የገጠመለት።